ከቀለሙ በፊት ወዙን፦ የጎንደር ሳሎን ስለ መቀባት

ቤቱን ለማደስ የተነሣ ሰው ከባለሙያም ሆነ ከጎረቤት ጋር ሲመካከር አስቀድሞ የሚያነሣው «ግድግዳው ምን ቀለም ይሁን?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን መጨረሻ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ከቀለሙ ዓይነት በፊት ሊወሰን የሚገባው ወዙ ነው፤ ይኸውም የተቀባው ግድግዳ ከደረቀ በኋላ የሚያርፍበትን ብርሃን ምን ያህል እንደሚያንጸባርቅ ነው። አንድ ክሬም ቀለም ወዝ በሌለው ዓይነት ሲቀባ ለስላሳና ረጋ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ያው ክሬም በሚያብረቀርቅ ዓይነት ሲቀባ ግን በመስኮቱ ትይዩ ነጭ ነጸብራቅ፣ በጥጉ ደግሞ ጠቆር ያለ ጥላ ፈጥሮ አንዱን ግድግዳ ሁለት ቀለም ያስመስለዋል። ባለፈው ዓመት በቁስቋም በኩል ያለውን የእናቴን ቤት ሳሎን ስናድስ ውይይታችን ሁሉ የተነሣው ከዚህ ነጥብ ስለነበር፣ በጊዜው የተረዳሁትን በከተማችን ለሚኖሩና ቤታቸውን ለመቀባት ላሰቡ ሁሉ በዝርዝር ላካፍል እወዳለሁ።

የውስጥ ግድግዳ ቀለሞች በወዛቸው በሦስት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፤ ወዝ የሌለው ማት፣ መካከለኛው ሳቲን እና አብረቅራቂው ግሎስ። ልዩነቱ የሚመጣው በቀለሙ ውስጥ ካለው የዱቄትና የማያያዣ መጠን ነው። ዱቄቱ በርከት ሲል የደረቀው ገጽ ዓይን የማይለየው ሻካራነት ይኖረውና ብርሃኑን ወደየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ማያያዣው በርከት ሲል ደግሞ ገጹ ልሙጥ ሆኖ ይደርቅና ብርሃኑን ባንድ አቅጣጫ ይመልሰዋል። ይኸው ልሙጥነት ቆሻሻ እንዳይሰርግ ስለሚከላከል አብረቅራቂው ለማጠብ ይመቻል፤ ማቱ ግን በእርጥብ ጨርቅ ደጋግመው ሲያሹት የታሸው ቦታ ተለይቶ ይታወቃል። ውበቱና ለማጠብ መመቸቱ በአንድ ቀለም ላይ እኩል ስለማይገኙ፣ ለመላው ክፍል አንድ ወዝ ከመምረጥ ይልቅ ለእያንዳንዱ ገጽ የሚስማማውን መመደብ ይሻላል።

በአካባቢያችን ግድግዳ የሚለሰነው በእጅ ነው፤ የለሳኙ ሙያ ምንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን፣ በላዩም ስቱኮ ተቀብቶ በብርጭቆ ወረቀት ቢታሽ፣ እጁ ያለፈበት ፈለግ ፈጽሞ አይጠፋም። ፊት ለፊት ሲያዩት ቀጥ ያለ የሚመስለው ግድግዳ ብርሃን ከጎኑ ሲያርፍበት ጉብታውና ስርጉዱ ሁሉ ይወጣል። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ፣ ከመሸ በኋላ የክፍሉን መብራት አጥፍቶ የስልክን ባትሪ ከግድግዳው ጋር ጎን ለጎን አስጠግቶ ማብራት ነው። በጥላ የሚታየው ጉድለት በሙሉ፣ ግድግዳው አብረቅራቂ ቀለም ከተቀባ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ የሚታየው እርሱ ነው። በተለይ መስኮት ያለበት ግድግዳ ጎንና ጎን የሚገኙት ሁለቱ ግድግዳዎች ብርሃን በአግድም ስለሚያርፍባቸው፣ እነርሱን ማት ማድረግ ለስቱኮ ከሚወጣው ተጨማሪ ወጪ ብዙውን ያድናል።

ሆኖም በሳሎን ውስጥ የሚኖረው ሰው ነውና የመታጠቡን ጉዳይ በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። በብዙ ቤቶች ግድግዳው ከወለሉ እስከ ደረት ድረስ በሚያብረቀርቀው የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ በፕላስቲክ ቀለም ይቀባል፤ እናቴም በዚሁ ልማድ እንዲቀጥል ፈልጋ ነበር። «ልጄ፣ እንግዳ ጀርባውን ያስደገፈበትን ግድግዳ በምን አጥበዋለሁ?» ስትል ቀለም ቀቢው በትሕትና «እማማ፣ ሳቲኑም እኮ ይታጠባል፤ ዘይቱ ግን የልስኑን ጉድፍ ሁሉ ያወጣብዎታል» ሲል መለሰላት። የእናቴ ስጋት እውነተኛ ምክንያት ነበረው። በበዓል ሰሞን ፀጉራቸውን ቅቤ የተቀቡ እናቶችና አክስቶች ከሶፋው ጀርባ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉ ማት ቀለም ቅቤውን ይመጠዋል፤ እድፉም በውሃና በሳሙና አይለቅም። ስለዚህ ከመቀመጫው ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሙሉውን ሳቲን፣ ከመስኮቱ ጎን ያሉትን ግድግዳዎች ማት እንዲሆኑ ተስማማን፤ ቀለሙ አንድ፣ ወዙ ሁለት ሆኖ መለያያው በግድግዳዎቹ ማዕዘን ላይ ስለሚውል ልዩነቱን የሚያስተውል የለም። የዘይት ቀለምን ለማዕድ ቤት፣ ለኮሪደር፣ ለበርና ለመስኮት መተው የተሻለ ነው። ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ቢጫ የሚለወጥ መሆኑም መታወቅ አለበት።

ስለ ኮርኒሱም እንዲሁ ማሰብ ይገባል። ቡና በየዕለቱ በሚፈላበት ሳሎን ውስጥ የሚቆላው ቡና፣ የከሰሉ ጭስና ዕጣኑ ወደ ላይ እየወጡ ከረከቦቱ በላይ ያለውን የኮርኒስ ክፍል ከሌላው አስቀድመው ያጠይሙታል። ኮርኒስ በማት ነጭ ሲቀባ ብርሃንን አለዝቦ ስለሚያሰራጭ ምርጫው እርሱ ነው፤ ነገር ግን ጭስ የጠገበ አሮጌ ኮርኒስ ላይ አዲስ የውሃ ቀለም በቀጥታ ቢቀባ እድፉ በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ መልሶ ይወጣል። በመጀመሪያ ጥላሸቱን በሳሙና ውሃ ማጠብ፣ ሲደርቅ በዘይት ላይ የተመሠረተ መነሻ ቀለም ቀብቶ እድፉን ማፈን፣ ከዚያ ማቱን መቀባት ይገባል። ረከቦቱ የሚቀመጥበትን ጥግም መስኮት አጠገብ ማድረግ ለሰውም ለግድግዳውም ይበጃል።

ወዙ ከተወሰነ በኋላ ቀለሙን የሚመርጠው የክፍሉ ብርሃን ነው። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ቦታ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ አካባቢ፣ ቀትር ላይ በቀጥታ በአናታችን ታልፋለች። በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው የዓመቱ ክፍል ግን በስተደቡብ በኩል ትውላለች፤ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ከደቡቡ አድማስ ያላት ከፍታ 54 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የዚህ ውጤት በቤት ውስጥ በግልጽ ይታያል። መስኮቱ ወደ ደቡብ የሆነ ሳሎን በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይገባዋል፤ በእንዲህ ያለው ክፍል ቢጫና ብርቱካናማ ያደላባቸው ቀለሞች ከሚገባው በላይ ይሞቃሉ፤ ስለዚህ አረንጓዴ ወይም ግራጫ የነካቸው ረጋ ያሉ ቀለሞች ይስማሙታል። መስኮቱ ወደ ሰሜን የሆነ ክፍል ደግሞ በቀጥታ ፀሐይ የማግኘት ዕድሉ የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ በደመና በሚሸፈንበት ክረምት ላይ በመሆኑ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያገኘው ከሰማይ የሚመለስ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ ግራጫ ከተቀባ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቤቱ ይከብዳል፤ ክሬም፣ የገለባ ቀለም ወይም ቀይ አፈር የነካው ፈዛዛ ቀለም ግን ያንኑ ብርሃን ያሞቀዋል። የምሥራቅ መስኮት ያለው ክፍል ጠዋት ሞቆ ከሰዓት በኋላ ይቀዘቅዛል፤ የምዕራቡ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ክፍሉን በብዛት የሚጠቀምበትን ሰዓት አስቦ ለዚያ ሰዓት መምረጥ ያስፈልጋል።

ከመስኮቱ ውጭ ያለውም ነገር ቀለም ይልካል። ግቢው ሣር ከሆነ ክረምት ላይ አረንጓዴ ነጸብራቅ ወደ ኮርኒሱ ይገባል፤ ቀይ አፈር ከሆነ ወይም የጎረቤት ግድግዳ ቀይ ሸክላ ከሆነ ብርሃኑ ቀላ ብሎ ይደርሳል። ይህ ትንሽ የሚመስል ጉዳይ በነጭ ግድግዳ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ማታ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በሱቆቻችን በብዛት የሚሸጠው ነጭ አምፖል በ6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ያለ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ብርሃን ነው። ቢጫ የሚባለው ደግሞ ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን ነው። በነጩ አምፖል ሥር ቀን ላይ ያማረው ክሬም ይገረጣል፤ የሰው ፊትና የምግቡም መልክ ይደበዝዛል። እንግዳ በሚቀበሉበት፣ መሶብ በሚቀርብበት ክፍል ውስጥ ቢጫውን አምፖል ማድረግ ቀለም ከመለወጥ በላይ ለውጥ ያመጣል፤ ዋጋውም ከቀለም ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ስለዚህ አምፖሉ ሳይወሰን ቀለም መገዛት የለበትም።

ቀለሙን ከሱቅ ካታሎግ ላይ መምረጥ የማልመክረው ለዚህ ነው። ካታሎጉ ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት አራቱ ግድግዳዎች እርስ በርሳቸው ቀለማቸውን ሲለዋወጡ የሚፈጠረውን አታሳይም፤ ሙሉ ክፍል ሲቀባ ቀለሙ ከወረቀቱ ይልቅ ጠንክሮ ይታያል። ስለዚህ ከወደዱት ቀለም አንድ ደረጃ ፈዘዝ ያለውን መውሰድ ይመከራል። ከዚያም ከ60 በ60 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ቺፕቦርድ ላይ ትንሽ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብቶ፣ ዙሪያውን ነጭ ጠርዝ ትቶ፣ በየግድግዳው እያዘዋወሩ ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ በ11 ሰዓትና ማታ በመብራት ማየት ይገባል። በቀጥታ አሮጌው ግድግዳ ላይ መሞከር ግን አሮጌው ቀለም ከጎን ሆኖ ዓይንን ስለሚያሳስት አስተማማኝ አይደለም።

ብዙ ሰው ከዚህ ሁሉ ምርጫ ለመዳን «ነጭ ይሁን» ይላል። ነጭ ግን አንድ ቀለም አይደለም። በጣም ነጭ የሆነ ቀለም ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 በላይ ይመልሳል፤ ጥቁር ቡናማ ደግሞ ከመቶ 10 የሚበልጥ አይመልስም። በደጋው ብርቱ ፀሐይ፣ በተለይ ሰፊ መስታወት ባለው አዲስ ቤት ውስጥ፣ ንጹሕ ነጭ ዓይን ያደክማል፤ በበጋም ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ይታይበታል። እኔ የምመርጠው እንደ ታጠበ ጋቢ ለስለስ ያለውን ነጭ ነው፤ ለዚህም ነጩ ላይ ጥቂት ቢጫ አፈርና እጅግ ጥቂት ጥቁር ማስጨመር ይበቃል። ጥቁሯ ጠብታ ቢጫውን ስለምታረጋው ግድግዳው ቅቤ ከመምሰል ይድናል።

ከነጭ ወጣ ማለት ለሚፈልግ ሰው ከተማችን ራሷ በቂ ምሳሌ አላት። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከቆረቆሯት ጀምሮ ጎንደር የተሠራችው በጥቁር ቡናማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና በኖራ ነው፤ በበርና በመስኮት ቅስቶች ላይ ደግሞ ቀላ ያለው ለስላሳ ድንጋይ ይታያል፤ በቁስቋም በእቴጌ ምንትዋብ ግቢም ይኸው ቀይ ድንጋይ ለጌጥ ውሏል። የድንጋዩ ቡናማ፣ የቅስቱ ቀይና የኖራው ነጭ በአንድ ክፍል ውስጥ ሲመጡ የሚስማሙት መጠናቸው ስለሚለያይ ነው፤ አንደኛው ይሰፋል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣ ሦስተኛው በጠርዝ ላይ ብቻ ይታያል። በእናቴ ሳሎን ግድግዳው ለስላሳውን ነጭ፣ ምንጣፉና የሶፋው ልብስ ቡናማውን፣ ትራሶቹና የመጋረጃው ጠርዝ ቀዩን ወስደዋል። ከዚህ በላይ አራተኛ ቀለም አላስፈለገም፤ መሶቡና ሰፌዱ ቀለማቸውን ይዘው ስለሚመጡ ለእነርሱ ቦታ መተው ይገባል።

ደማቅ ቀለም በቤት ውስጥ አይሆንም የሚል አስተያየት እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ያየ ሰው ከግድግዳው እስከ ጣሪያው የመላእክት ፊት ድረስ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሞልቶት እያለ ዓይኑ እንደማይደክም ያውቃል። ሥዕሎቹ ወዝ የሌላቸው በመሆናቸውና ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን መጠነኛ በመሆኑ ቀለሙ አያብረቀርቅም፤ ጥልቅ ሆኖ ይታያል። ያንኑ ቀይ በግሎስ ቀብተን ነጭ አምፖል ብናበራበት አንቀመጥበትም ነበር። ስለዚህ አንድ ግድግዳውን ደማቅ ማድረግ የሚፈልግ ሰው ወዝ የሌለውን ይምረጥ፤ ግድግዳውም ከመስኮቱ ትይዩ ሳይሆን መስኮቱ ካለበት ጎን ቢሆን ይመረጣል።

ወለሉና እንጨቱ ከግድግዳው በፊት መወሰን አለባቸው፤ ሴራሚክም ሆነ እንጨት አንዴ ከተነጠፈ መለወጡ ከባድ ነው፤ ቀለም ግን ሁልጊዜ ይስተካከላል። እጅግ የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ብርሃኑን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልስ ከሚያብረቀርቅ ግድግዳ ጋር ሲገናኝ ክፍሉ ዕረፍት ያጣል፤ ሲርስም ያንሸራትታል። የዋንዛ እንጨት ዕቃ ላለው ቤት ግድግዳው ቢጫ ባይሆን ይሻላል፤ እንጨቱ ራሱ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው፤ በዘይት የተሠራው ቫርኒሽም ከዓመት ዓመት ቢጫነቱን ይጨምረዋል።

የቆየ የጭቃ ቤት ወይም በጭቃ የተሠራ የድንጋይ ቤት ያላቸው ወገኖች ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። እንዲህ ያለው ግድግዳ ክረምት ላይ እርጥበት ይወስዳል፣ በጋ ላይ ይመልሳል፤ በዘይት ቀለም ሲታፈን እርጥበቱ መውጫ ስለሚያጣ ቀለሙ እያበጠ ይረግፋል፤ ምርጉንም ይዞት ይወርዳል። ለዚህ ግድግዳ የሚስማማው ኖራ ነው። በውሃ የበረደው ኖራ ሳሳ ተደርጎ፣ ረጠብ ባለ ግድግዳ ላይ፣ ደጋግሞ ይቀባል፤ ከአየሩም ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ወደ ኖራ ድንጋይነት ይመለስና ይጠነክራል፤ እርጥበትንም አያፍንም። ቀለም ቢፈለግ የብረት ዝገት ያለባቸው ቢጫና ቀይ አፈሮች ኖራውን ይቋቋማሉ፤ ብዙዎቹ ሌሎች ቀለሞች ግን በኖራው ኃይል ይጠፋሉ። ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ የማብረዱ ሥራ ለሚያውቅ ሰው ይተው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በፋሲል ግቢ ሕንፃዎች ላይ ለጥገና የዋለው ሲሚንቶ በኋላ ተነሥቶ በኖራ የተተካው ድንጋዩና ኖራው አብረው የኖሩ ስለሆኑ ነው፤ ቅርሱ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በቤታችንም ያለው ሕግ ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ጊዜውና ስለ መጠኑ ጥቂት ልጨምር። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ሳይሞላው መቀባት የለበትም፤ ከዚያ በፊት ውስጡ ያለው እርጥበትና ኃይለኛ አልካሊ ቀለሙን ያበላሸዋል፣ ነጭ ጨውም ያስወጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ባለው ጊዜ ልስን ቶሎ ስለማይደርቅ ሥራው ወደ ጥቅምትና ኅዳር ቢዞር ለጥምቀት እንግዳ ቤቱ ሽታው ወጥቶለት ይደርሳል። አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በደህና ግድግዳ ላይ ለአንድ ዙር ከ10 እስከ 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለምሳሌ 4 በ5 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 2.8 ሜትር የሆነ ሳሎን በርና መስኮቱ ሲቀነስ 44 ካሬ ሜትር ያህል ግድግዳ ይኖረዋል፤ ለሁለት ዙር 9 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ቀለሙ የሚቀየጥ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ቅየጣ ማስወጣት የግድ ነው፤ ሁለተኛው ቅየጣ ከመጀመሪያው ጋር በትክክል አይገጥምምና።

አሮጌ የዘይት ቀለም ያለባቸውን በሮችና መስኮቶች በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ ማሸት ለሕፃናት አደገኛ ነው፤ የቀድሞ ቀለሞች እርሳስ ሊኖራቸው ይችላል፤ ለልጅ አእምሮ ጉዳት የማያስከትል የሚባል የእርሳስ መጠንም የለም። ስለዚህ እየነከሩ ማሸት፣ ልጆችን ከቤት ማራቅና ብናኙን በእርጥብ ጨርቅ መሰብሰብ ያስፈልጋል። አዲስ ሲገዙም ጣሳው ላይ እርሳስ የሌለበት መሆኑ የተጻፈበትን ይጠይቁ።

ሥራው ካለቀ በኋላ ከየወዙ አንድ ሊትር ያህል በጥብቅ ተከድኖ ይቀመጥ፤ ክዳኑም ላይ የቅየጣው ቁጥር፣ የወዙ ዓይነትና የተቀባው ግድግዳ ይጻፍበት። ማት ቀለም በጠባብ ቦታ ሲደረብ ብዙም አይታወቅም፤ ሳቲን ግን የተነካው ቦታ ስለሚለይ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለውን ግድግዳ ሙሉውን መድገም ያስፈልጋል።